የኮረብታው ሰዎች ጫማ

ልጅ ሳለሁ ሰዎች ከየአገሩ የሚያባርሩን ክፉ ሥራ ስለሠራን ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት።

እኛ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ፣ ሌናፔዎች ነን፤ ነጮቹ ደላዌር ይሉናል። ያደግሁት በኦክላሆማ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ትንሹ ኬኒ የሚባለው ወንዝ ዳር ነው። የአባቴ አክስት፣ አክስት ኦሊ፣ አብረውን ይኖሩ ነበር። በጣም ያረጁ ነበሩ፤ ቢሆንም ዓይናቸው አልደከመም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራቡ መስኮት ስትዞር ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ ይጎትቱና ዶቃ ለመስፋት ይቀመጣሉ። ዶቃውን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ይበትኑታል፤ ክሩን በሰም ያሹታል፤ ከዚያ መርፌው እህል እንደሚለቅም ወፍ ዶቃውን አንድ በአንድ እያነሳ ቆዳው ላይ ይደረድረዋል። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ዙሪያውን ደግሞ ነጭ ጠርዝ። እኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ የወደቀውን በምራቅ ባራስኩት ጣቴ እለቅማለሁ።

ወሬያቸው ሁልጊዜ ስለ መነሳት ነበር።

"ከትልቁ ወንዝ ያስነሱን ጊዜ" ይላሉ። "ከኦሃዮ ያስነሱን ጊዜ። ከነጭ ወንዝ ያስነሱን ጊዜ የእናቴ አያት ልጅ ነበረች፤ ጫማዋ መንገድ ላይ አለቀ። ከካንሳስ ያስነሱን ጊዜ እናቴ ጡት ትጠባ ነበር።" ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበሩ።

ከቤታችን ወረድ ብሎ አንድ የኪራይ ቤት ነበር። ራድ የሚባል ሰውዬ ከነልጆቹ ይኖርበት ነበር። ራድ ሲሰክር የራሱን መስኮት ይሰብራል፤ እሱ በመጣበት ዓመት የመንደሩ ዶሮ ማለቅ ጀመረ። አንድ ቀን የቤቱ ባለንብረት ፖሊስ አስከትሎ መጣና ፍራሻቸውን አውጥቶ መንገድ ዳር ጣለው። ትንሿ ልጃቸው ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር። እናቴ በመስኮት እያየች፣ "አስነሷቸው እንግዲህ" አለች።

"ለምን?" አልኳት።

"ለምን ይሆናል? ስላስቸገሩ ነዋ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ራድን ያስነሱት ከአንድ ቤት ነው። እኛን ያስነሱን ግን ከስንትና ስንት አገር ነው። እንግዲያ ከራድ የባሰ ነገር አድርገናል ማለት ነው። ምን እንደሆነ አክስት ኦሊን ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። ያስለቅሳቸዋል ብዬ ሳይሆን ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ።

ዛሬ ሃምሳን አልፌአለሁ። ታሪካችንን አንብቤአለሁ፤ ማን ምን ፈርሞ ምን እንዳፈረሰ ለልጆች እስከማስተማር ደርሻለሁ። ይሁንና ዛሬም ያልጠበቅሁት ሰው በሬን ሲያንኳኳ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው "ምን አጥፍቼ ይሆን?" የሚለው ነው።

*

ስምንት ዓመት በሞላኝ ሰሞን የግድብ ሰዎች መጡ። ሣሩ ውስጥ እንጨት ተክለው ብርቱካንማ ጨርቅ አሰሩበት። ጨርቁ የታሰረበት ሁሉ ውሃ ይተኛበታል ተባለ። ኮረብታውም ከዚያ ውስጥ ነበር። ኮረብታው የምንቀበርበት ቦታ ነው። አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ጥድ አለ፤ ከሥሩ አንዳንዱ ድንጋይ፣ አንዳንዱ የእንጨት ምልክት፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የሌለው መቃብር ነው።

"መጡ እንግዲህ" አሉ አክስት ኦሊ ጨርቁን ሲያዩ።

እኔ ግን አሰብኩ። አሁን ደግሞ ምን አድርገን ነው?

አባቴ ኤልዊን ይባላል። ሲሚንቶ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሥራ አልነበረውም። ጠዋት እየተነሳ ይለብስና የሚሄድበት አጥቶ ፒክአፑን ይጠርጋል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ወደ ሳህኑ እያየ፣ "ቀጥረውኛል" አለ።

"ምን ላይ?" አለች እናቴ።

"ኮረብታው ላይ።"

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ቁፋሮ ነው?" አሉ አክስት ኦሊ።

"ቁፋሮ ነው፣ አክስቴ። ውሃው ሳይመጣ መንገዱ ዳር ወዳለው አዲስ ቦታ ሊያዛውሯቸው ነው።"

"እናቴ እዚያ ናት።"

"አውቃለሁ።"

"አባትህም እዚያ ነው።"

"አውቃለሁ አልኩዎት እኮ።"

አክስት ኦሊ ብድግ አሉ። አባቴ ገና በልቶ አልጨረሰም። ሳህኑን ከፊቱ አንስተው በጓሮ በር ወጡና የውጪው ደረጃ ላይ አስቀመጡት።

"ከነገ ጀምሮ የምትበላው እዚህ ነው" አሉት። "የምትተኛው ጎተራው ውስጥ። ልጅቷን እንዳትነካ።"

አባቴ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የቀረውን ባቄላ በበቆሎ ዳቦ ጠርጎ በላ። ከውስጥ ሆኜ ጀርባውን አየሁት። ውሻችን እግሩ ሥር መጥቶ ተኛ። አባቴን ከውሻ ጋር ቆጠሩት አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ አክስት ኦሊ የጥድ ቅጠል በጣሳ ውስጥ አያይዘው ጓሮ ይጠብቁታል። እጁን፣ ክንዱን፣ ደረቱን በጭሱ ውስጥ ያሳልፋል። ጭሱ ዓይኑን ሲያስለቅሰው እናቴ በዚያው ጓሮ ከቧንቧ ርቃ ቆማ ልብሱን ለብቻ በባልዲ ትዘፈዝፋለች። ባለፈው በጋ ጣራችን ሥር ጎጆ የሠራውን ተርብ ያባረርነው በጭስ ነበር። አባቴንም ሊያባርሩት መሰለኝ።

ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ሙታንን የነካ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ከልጅ ጋር አይበላም፣ ልጅ አያቅፍም፤ የሞቱት ወደ ቤት ተከትለውት ልጁን ወደው እንዳይወስዱት ነው። አክስት ኦሊ የሚጠብቁት እኔን ነበር፤ እሱንም ጭምር። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ያየሁት አንድ ትልቅ ሰው ከገዛ ገበታው ተነስቶ ውጪ ሲጣል ነበር።

*

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ዴልሲ የምትባል ልጅ ከኋላዬ ትቀመጥ ነበር። የራሳችን ወገን ናት፤ አባቷ ሊዮን ከአባቴ ጋር በአንድ ፋብሪካ ሠርቷል። አንድ ጠዋት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አባትሽ ዳቦሽን የሚቆርስልሽ በየትኛው እጁ ነው?" አለችኝ።

"ምን?"

"በዚያ ሙታን በሚጎትትበት ነው ወይስ በሌላኛው?"

ከጎኗ ያለችው ልጅ ሳቀች። ዴልሲ ግን አልሳቀችም። "ቅድመ አያቴ እዚያ ናት" አለች። "አባቴ አባትሽን ካገኘው…" ንግግሯን አልጨረሰችም።

ምን እላለሁ? አባቴ ዳቦ መቁረስ ካቆመልኝ ቆይቷል።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሌላ ነገርም ይካሄድ ነበር። አክስት ኦሊና እናቴ ሌላውን የስፌት ሥራ ሁሉ አስቀምጠው ጫማ ብቻ ይሰፉ ነበር። አፍንጫው የተሸበሸበ፣ ከአንድ ቁራጭ የአጋዘን ቆዳ የሚሠራ የኛ ጫማ ነው። ትልቅም ትንሽም ነበር። በዶቃ ይሞሉታል፤ ሲያልቅ በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር ያስቀምጡታል። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ጎንበስ ብዬ ሳይ የለም። በፊትም አንዳንዴ ከተማ ላለው ሱቅ ስለሚሸጡ ሸጡት ብዬ አሰብኩ። አባቴ ደመወዝ እየተከፈለው ለምን እንደዚህ እንደሚጣደፉ ግን አልገባኝም።

አንድ ከሰዓት፣ አባቴ በጭሱ ውስጥ አልፎ ሊታጠብ ወደ ወንዙ ወርዶ ሳለ፣ ምሳ ዕቃው ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እንዳልነካው ተነግሮኛል። ነካሁት። ከፈትኩት። ባዶ የቡና ኩባያ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ጫፉ የተቋጠረ መሐረብ ነበረው። ቋጠሮውን ፈታሁት።

ሰማያዊ ዶቃ ነበር። ጥቂት ፍሬ። በቆርቆሮ ክዳኑ ላይ እንዳለው የሚያብረቀርቅ አይደለም፤ ደብዛዛ ነው፣ መጠኑም አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ቀዳዳው ውስጥ አፈር ገብቶበታል። አሸተትኩት፤ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። ሲቀብሩን በአዲስ ልብስና በዶቃ ነው የሚቀብሩን።

መሐረቡን እንደነበረ ቋጥሬ መለስኩት። ጎተራው ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ከወንዙ ሲመለስ፣ አክስት ኦሊም በበሩ ሲወጡ ሰማሁ። እኔን አላዩኝም።

"ይቺኛዋ የማን ናት?" አሉ አክስት ኦሊ።

"ድንጋዩ ላይ ስም የለም። ከጥዱ በስተግራ ያለችው።"

"ካትሪን ናት እንግዲያ። ሰማያዊ ትወድ ነበር።" ዶቃው በእጃቸው ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። "ተጨማሪ አለ?"

"አለ። ፎርማኑ ግን ዓይኑን አይነቅልም።"

"ከያዘህስ?"

"ያባርረኛላ።"

"ተጠንቀቅ" አሉት። በማግስቱ ሰማያዊ ዶቃ ከክዳናቸው ላይ አፍሰው፣ መርፌ ላይ እየደረደሩ፣ አዲስ ጫማ ጀመሩ።

ብዙ ጊዜ ስፈልገው የነበረውን ያገኘሁ መሰለኝ። ለካ እንደዚህ ነን። ለካ የሚያስነሱን ለዚህ ነው። በየሄድንበት የማይነካ እንነካለን፤ ከሞተ ሰው ላይ ሳይቀር እንሰርቃለን፤ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ አክስት ኦሊ ራሳቸው ጌጥ አድርገው ይሰፉታል። ራድ የሰረቀው ዶሮ ነው። ያን ዕለት አክስት ኦሊ በወንበራቸው ሆነው "ነይ ልቀሚልኝ፣ የኔ ልጅ" ሲሉኝ ሆዴን አመመኝ ብዬ አልሄድኩም።

*

ሊዮን የመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ፒክአፑን መንገዱ ላይ አቁሞ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ በእግሩ ገባ። አባቴ ደረጃው ላይ ይበላ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

"ዛሬ አያቴን አወጣሃት አሉኝ" አለ ሊዮን።

"አዎ።"

"በእጅህ?"

"በእጄ።"

"ሌላ ሥራ አጥተህ ነው?"

"አዎ። አጥቼ ነው።"

ሊዮን ጠብ ፈልጎ ነበር የመጣው፤ አባቴ ግን የሚይዝበት ቦታ አልሰጠውም። "ነጮቹ ራሳቸው ቢያወጧት አይሻልም ነበር?" አለ፣ ድምፁ እየሻከረ። "ለማያውቋት ሰው ነውር የለበትም። አንተ እኮ እጇ ላይ በልተሃል፣ ኤልዊን። ልጅ ሆነህ ሽፍታ ሲወጣብህ ቅጠል የቀባችህ እሷ ናት።"

"አስታውሳለሁ።"

"እና ለደመወዝ ብለህ…"

"ለደመወዝ ብዬ" አለ አባቴ። "ስሙን አልቀይርም።"

የሊዮን እጅ ሲጨበጥ አየሁ። በዚህ ጊዜ አክስት ኦሊ በትራቸውን ይዘው ወጡ።

"ሊዮን፣ ጎረቤቱ ሰማህ፤ አሁን ይብቃህ" አሉት። "ና ወዲህ።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ "ንገረው" አሉ።

አባቴ ሳህኑን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ "ባዶ እግሯን አልሄደችም" አለው።

አባቴ የነገረው ይህን ብቻ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ሊዮን ግን ገባው። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። አክስት ኦሊ ከሽርጣቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፈቱለት። ለቀጣዩ ቀን የተዘጋጀ ጫማ ነበር። ሊዮን ዶቃውን በአንድ ጣቱ ብቻ ነካ፤ የጋለ ብረት እንደሚነካ ሰው።

"የሷ ምን ነበር?" አለ።

"ቀይና ነጭ" አሉት። "ከላይዋ ላይ እንዳገኘነው አድርገን ነው የሰፋነው።"

"ሌላ ሰው ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም። አንተም አታውቅም።"

ሊዮን ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ጉቦ አሳይተው አፉን አስያዙት ብዬ ነበር ያመንኩት። ለካ ሊዮንም በዚህ ይገዛል አልኩ። ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ዴልሲ ምንም አላለችኝም፤ እንዲያውም ከኋላዬ ተነስታ ከጎኔ ተቀመጠች። እሷንም ጠረጠርኳት።

ሙታኑ ዳግም የተቀበሩት በበጋው መጨረሻ ነው። አዲሱ ቦታ አስፋልቱ ዳር የታጠረ ሜዳ ነበር፤ ዛፍ የለውም። ትንንሽ የጣውላ ሳጥኖች በረድፍ ተደርድረው ነበር፤ ሁሉም እኩል፣ ሰው የሚገባባቸው አይመስሉም። አንድ ሽማግሌ በኛ ቋንቋ ጸለየ። በቁፋሮው ጊዜ ከመኪናው ወርዶ የማያውቅ አንድ ባለሥልጣን በእንግሊዝኛ አመሰገነን። ወገኖቻችን በአንድ ወገን ቆሙ፤ የኮንትራክተሩ ሠራተኞች ካኪ ሱሪያቸውን እንደለበሱ በሌላው ወገን ቆሙ። አባቴ ከእነሱ ጋር ነበር፤ ከጫፍ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ መሬት ያያል። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ ፈለገኝ፤ አገኘኝ። ፊቴ ላይ ያለውን አነበበው። እንዴት እንደማውቅ አትጠይቁኝ፤ ዓይኑን ቀድሞ የሰበረው እሱ ነበር።

ሊዮን ከኛ መሐል ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና ከአባቴ ጎን ቆመ። ሌላ ማንም አልሄደም። እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

*

አክስት ኦሊ የሞቱት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ተልሳ ከተማ ሥራ ይዤ ነበር፤ ለቀብር መጣሁ። እናቴ በዚያው በምዕራቡ መስኮት ሥር ለእሳቸው ጫማ ትሰፋ ነበር። እኔም ክር እሰካላት ጀመር።

"ለሳቸው እንኳ ቀለሙን አልጠይቅም" አለች እናቴ። "ለነዚያ ግን አባትሽ ዶቃ እስኪያመጣልን መጠበቅ ነበረብን።"

"ለነማን?"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የማውቅ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ፤ ሁሉንም ነገረችኝ። ከመቃብሩ ከተገኘው በስተቀር ሳጥኑ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ፎርማኑ ከልክሎ ነበር። ልብሱ፣ ጫማው በስብሶ አልቋል። አክስት ኦሊ "ስንት አገር ስንነሳ በእግራችን ነው የሄድነው፤ ባዶ እግራቸውን አይነሱም" አሉ። አባቴ ጠዋት ጫማውን ምሳ ዕቃው ውስጥ ከዳቦው ሥር ደብቆ ይገባል፤ ሲወጣ ደግሞ ከሚቀጥለው ሰው ላይ የወደቀ ዶቃ ይይዛል፤ ቀለሙን አይተው እንዲሰፉ። ጫማው ሲያልቅ ዶቃውንም አብሮ ለባለቤቱ ይመልሳል። አንድ ፍሬ አላስቀሩም።

"ለሕፃናቱም ሰፍተን ነበር" አለች። "በሕይወት ያለ ሕፃን ጫማ ሶሉ ላይ ቀዳዳ እንተዋለን አይደል? ከወዲያ የመጡ ሲጠሩት 'ጫማዬ ተቀዷል፣ መንገድ አልችልም' እንዲል። ለነዚያ ግን አክስትሽ ቀዳዳ አልተዉም። 'እነሱ መሄድ አለባቸው' አሉ።"

እጄ ላይ ያለው ክር የመርፌውን ቀዳዳ ስቶ ስንት ጊዜ እንደወጣ አላውቅም። ከእፍረቴ ጋር ኩራትም መጣብኝ፤ ትልቅ፣ የሚያሳክክ ኩራት። አባቴ ጀግና ነበር። ይህን ልነግረው ቸኮልኩ።

ያ በጋ ዝናብ አልነበረም። የግድቡ ሐይቅ ጎድሎ የኮረብታው አናት ወጥቷል አሉ። ከቀብሩ በኋላ አባቴን እንሂድ አልኩት። አልፈለገም፤ ግን መጣ። ፒክአፑን ከሰው ርቀን አቆምን። የተሰነጠቀ ግራጫ ጭቃ፣ የጥዱ ጉቶ፣ ከዚያ ውሃው። ጭቃው የሞተ ዓሣ ይሸታል። አባቴ ከሣሩ ጠርዝ አላለፈም።

"እማዬ ነገረችኝ" አልኩት። "ስለ ጫማው።"

"ጫማው የአክስት ኦሊ ሐሳብ ነው።"

"ይዘህ የገባኸው ግን አንተ ነህ። አባዬ፣ እኔ ያኔ…"

"ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ" አለ። ቁጣ አልነበረበትም። "አንድ ቀን ቋጠሮው አንቺ የምትቋጥሪው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ያንቺን ቋጠሮ አውቀዋለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

በአገጩ ጉቶውን አሳየኝ።

"ከዚያ ወዲያ፣ በምዕራብ በኩል፣ ሕፃናቱ ነበሩ። ድንጋይ የላቸውም። ካርታው ላይ የሉም። አካፋዬ አፈሩ ሲላላ ያውቀዋል፤ እዚያ ላላብኝ። ለፎርማኑ ነገርኩት። 'ካርታው ላይ የሌለ አልተቀጠርክበትም' አለኝ። ሁለተኛ አልነገርኩትም፤ አፈሩን መልሼባቸው እዚያው ተውኳቸው። ሥራው እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።"

"እና ጫማዎቹ?"

"ማታ ስመለስ አክስት ኦሊ 'አስገባህላቸው?' አሉኝ። 'አዎ' አልኩ። እናትሽንም እንደዚያው።" እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "የሕፃናቱን ጫማዎች በትልልቆቹ ሳጥን ውስጥ ነው የከተትኳቸው። ይዤ ብመለስ ያዩብኛል። በቀብራቸው ቀን ስታዪኝ አንቺ ብቻ በትክክል እያየሽኝ መሰለኝ። ምክንያቱን ስተሽው ነበር እንጂ ፊትሽ ልክ ነበር።"

ይዤው የመጣሁት ኩራት የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረም። ልክ አይደለህም ልለው ፈለግሁ፤ ውሃው ግን እዚያ ነበር፣ ከጉቶው ወዲያ፣ ጠፍጣፋና ቡናማ።

ከታች በኩል አንድ ነጭ ሰውዬ የዓሣ ዘንጉን ተሸክሞ፣ ጭቃው ጫማውን እየያዘው ወደ እኛ ወጣ። ደስ ያለው፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው ነበር። ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ዓሦች ይዟል።

"እንዲህ ጎድሎ አይቼው አላውቅም" አለን ሰላም ካለን በኋላ። "እናንተ የአካባቢው ሰዎች ናችሁ? ሐይቁ ሳይሠራ እዚህ ምን ነበር?"

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

"ኮረብታ ነበር" አለ።

"ከኮረብታው ጀርባ ጥሩ ዓሣ ይያዛል" አለ ሰውዬው፣ ዓሦቹን ከፍ አድርጎ እያሳየን። "ለልጆቼ እራት ነው።"

አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር፤ ሁሉንም፣ ከትልቁ ወንዝ ጀምሮ። አባቴ ክርኔን ያዘኝ። እጁ ከባድ አልነበረም።

"ተይው" አለኝ በኛ ቋንቋ። "እራታቸውን በሰላም ይብሉ።"

ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አውለበለበልን። አባቴም እጁን አንስቶ አውለበለበለት፤ መኪናው ከዛፎቹ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አላወረደውም።